አያ ጅቦና እኛ



እኛ የኮልፌ ልጆች ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ብርድ ልብስ እየተከናነብን አድገናል። ይኸው አስፈሪ አውሬ ግን በተረት «አያ ጅቦ» ተብሎ፣ ሆዳምና ሞኝ ሆኖ ያሥቀናል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ለልጆች ተረት ነግረዋል። ሳቅ ፍርሃትን ያሳንሳል።

ነገር ግን ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ስንል ተረቱ ሐሜት ይሆናል። አንድ ቀን የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ ጓደኛችን አጠገባችን ሲቀመጥ «ጠግበናል» ብለን ምሳችንን ሸፈንን። እርሱም ፈገግ ብሎ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለን። አፈርን፤ ለካ ጅቦቹ እኛው ነበርን! ከዚያ ወዲህ አብረን እንቆርሳለን።

ተረቱን እንጠብቅ፤ ሐሜቱን እንጣል።