የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን መሥራቱን በምን እናውቃለን?



የአፈሩን አዮዲን ዝናብ ባጠበው በጎጃም ደጋ እንቅርት የቆየ ሕመም ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክኒኑ መዋጡ ግን ወደ ደም መግባቱን አያረጋግጥም።

ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከደም ማነስም ስለሚመጡ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ዋናው መለኪያ በደም ውስጥ ያለው የቲኤስኤች መጠን ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች ከፍ ይላል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል።

ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቢገኝ አስቀድሞ አወሳሰዱ ይጠየቅ። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒን አብሮ ከተዋጠ ሆርሞኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ በመካከላቸው የ4 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። የጽንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና። በእርግዝና የሆርሞኑ ፍላጎት ራሱ ስለሚጨምር ምርመራው በየ4 ሳምንቱ ይደረጋል።

አወሳሰዱ ሳይጠየቅ መጠኑ ቢጨመር፣ በኋላ አወሳሰዱ ሲስተካከል ሆርሞኑ ይበዛል፤ የልብ ምት ይዛባል፣ አጥንት ይሳሳል። ስለዚህ ማዘዣ ከመጻፋችሁ በፊት «ክኒኑን መቼ፣ ከምን ጋር ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።