ንጉሡ የሌሉበት ፊልም



የታሪክ ተማሪዎቼን የ3 ደቂቃ ፊልም እንዲሠሩ ባዘዝሁ ቁጥር አብዛኛው ቡድን ዐፄ ቴዎድሮስን ይመርጣል፤ ከዚያም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ፣ ሽጉጥ። (ሹሩባውማ መቼም አይቀርም።) አንድ ቡድን ግን ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ የጎተቱትን ሰዎች መረጠ። በፊልሙ ገመድ፣ ተረከዝና ትንፋሽ እንጂ ንጉሡ የሉም። «ባለታሪኩ የት አሉ?» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁ። ከቡድኑ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ የጎታቾቹን ስም ፈልገን አጣን፤ ፊታቸውን ያላሳየነውም ስለዚህ ነው» አለችኝ።

ነጥቡን አስተካከልሁ። መስፈርቴን ግን እስከ ዛሬ አላስተካከልሁም፤ «ዋና ገጸ ባሕርይ» የሚለው ዐምድ አሁንም 20 ከመቶ ይይዛል። ዛሬ የመጣሁት ያን ዐምድ በምን እንደምንተካው ከእናንተ ጋር ለመምከር ነው።