የዳጉ ቃል በዕቃ ግምጃ ቤት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የዕቃ አያያዝ ነው። ለጆሮ ሲሰማ የግምጃ ቤት ሹም ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በሞዴል 19 ዕቃ ያስገባ፣ በሞዴል 22 ያወጣ፣ በወረቀቱም ላይ ፊርማውን ያኖረ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የነገሩ ተካፋይ ነው።

አንድ መድኃኒት በአንዱ ጤና ጣቢያ ታጥቶ በሽተኛ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ያው መድኃኒት በሌላ ግምጃ ቤት ጊዜው አልፎበት የሚወገድበት አጋጣሚ አለ። መድኃኒቱ በአገር ገንዘብ ተገዝቷል፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በመኪና ተጭኖ ደርሷል። እንግዲህ የጎደለው መድኃኒቱ አይደለም፤ የጎደለው ወሬው ነው። ይኸውም የት ምን ያህል እንዳለ፣ መቼም ጊዜው እንደሚያልፍ በወቅቱ ያስታወቀ ሰው አልተገኘም።

ይህን ጉድለት ለማቃናት በአገራችን የጤና ተቋማት የመድኃኒትን ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር ለመመዝገብ ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አንዱ «ዳጉ» ይባላል። ስሙ የአፋርን ሕዝብ ነባር ልማድ ያስታውሰናል። በዚያ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አረፍ ይላሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በጥሞና ያዳምጣል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን «አየሁ»፣ ከሰው የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ለይቶ ይናገራል። የግጦሽና የውሃ፣ የሰላምና የጠብ ነገር በዚህ ቃል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሐሰት ያወራ ሰው በወገኑ ዘንድ ይወቀሳል።

የኮምፒዩተሩም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ የነገሩትን ያምናል። በተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት አንድ ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ እንዲያስታውቅና እንዲጠይቅ፣ ክምችቱም ከ4 ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በዚህ ስሌት በወር 100 ሣጥን የሚያወጣ ጤና ጣቢያ እስከ 400 ሣጥን ይይዛል ማለት ነው። አሁን መዝገቡ 300 ሣጥን አለ ይበል፤ በሥራ ጥድፊያ ሳይመዘገብ ስለ ወጣ ግን በመደርደሪያው ላይ ያለው 100 ብቻ ይሁን። ማሽኑ 300ን ከ400 ቀንሶ 100 ሣጥን ይጠይቃል፤ የሚያስፈልገው ግን 300 ነበረ። ያለውና የመጣው ተደምሮ በ2 ወር ያልቃል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ተልኮ ዕቃው እስኪደርስም መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ማሽኑ በመቀነስ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የነገረው ሰው ነው።

«መብራት ቢጠፋስ፣ መስመሩ ቢቋረጥስ?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ሜርስክ የተባለው ታላቅ የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ በኮምፒዩተር ቫይረስ ተመትቶ ነበር። 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደገና እስኪደራጁ ድረስ ሠራተኞቹ ሥራውን በእጃቸው እያከናወኑ መርከቦቹን አስተናገዱ። ከዚህ የምንማረው ማሽኑን መጥላት አይደለም፤ ማሽኑ ሲታመም ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ የተሟላም የወረቀት ካርድ ሊኖር እንደሚገባ ነው።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የበጀት ዓመት ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ የሚሞላ መዝገብ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የወጣው በወጣበት ቀን ይመዝገብ። በየጊዜው መደርደሪያው ይቆጠር፤ ልዩነት ሲገኝም ሳይሸፋፈን ምክንያቱ ይጻፍ። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደዚያ የአፋር መንገደኛ የቆጠርነውን «ቆጠርሁ»፣ የገመትነውን «ገመትሁ» ብለን ለይተን እንጻፍ።

በዚያ መዝገብ መጨረሻ ላይ የምትጠብቅ፣ ሕፃን ያዘለች እናት አለች። ኮምፒዩተሩን አታውቀውም፤ እኛንም አታውቀንም። የጻፍነው ቁጥር እውነት መሆን አለመሆኑን ግን በመስኮቱ በኩል ከሚሰጣት መልስ ታውቀዋለች።