የሕይወት ምስክር ከማን ይገኛል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ክርስትናና ኑሮ» የሚል ነው። ነገሩን ከአገራችን ልጀምረው።

እንደሚታወቀው የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ድምፁ ቢያምር፣ ዜማውን ቢያንቆረቁረው፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ዜማው ከነምልክቱ ታይቶና ታርሞ ነው የሚመሰከርለት። ራሱን በራሱ «አድርሻለሁ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ታዲያ ለዜማው ምስክር ከተፈለገ ለክርስትናችንስ ምስክሩ ማነው? ማዕተብ ማሰርና ጾም መጾም መልካም ነው፤ የሚነቅፈው የለም። ምስክርነቱን የሚሰጠው ግን ጎረቤት ነው፤ ወሰን የሚያዋስነን፣ እህል የተበደረን፣ አብሮን ያረሰ ሰው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ሥራ የሌለውን እምነት ነፍስ በተለየው ሥጋ መስሎታል። ሬሳ ተሸክመን ለምናውቅ ለኛ ለዕድርተኞች ይህ ምሳሌ ትርጓሜ አያሻውም።

እንዲህ ያለ ምስክር ያገኘ አባት ብንፈልግ የበጌምድር ተወላጅ የነበሩት ሦስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ። ቀድሞ አባ መላኩ ተብለው ብዙ ዘመን በወላይታ ሲያስተምሩና አብያተ ክርስቲያናት ሲያሳንጹ ኖሩ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሲሆኑ ማዕረጋቸው ተለወጠ እንጂ ኑሯቸው አልተለወጠም። በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጾምና በጸሎት ተወስነው፣ በ1980 ዓ.ም. አረፉ። ሃይማኖትን የሚነቅፍ ትምህርት በየስብሰባው ይሰጥ በነበረበት በደርግ ዘመን ኑሯቸው ራሱ ስብከት ነበር።

እኛ ጫማ አውልቁ አልተባልንም። የተጠየቅነው ከደጃችን ያለውን ነው። ስንገዛ የሚሰፋ፣ ስንሸጥ የሚጠብ ቁና አይኑረን። ደግሞ አለ እኮ፤ በወሰን የተጣሉ ሁለት ሰዎች ካንድ ድንኳን ተቀምጠው፣ ላንድ ሟች «ነፍስ ይማር» ብለው፣ ሳይተያዩ ይለያያሉ። የወሰን ነገር ወደ ደም፣ ደሙም ወደ ልጅ እንደሚዞር የማያውቅ ማነው? ሽማግሌ እያለ፣ የንስሐ አባት እያለ፣ ቂሙን ለልጅ ማውረስ ምን ዓይነት ክርስትና ነው?

ስለ ዕድራችንም አንድ ነገር ልበል። መዋጮ ያጓደለ ሰው ሲሞት «ደንቡ ይፈጸም» እንላለን። ደንብ ይከበር፤ ያለ ደንብ ዕድር አይቆምም። ነገር ግን በቁሙ ሳለ ለምን እንዳጓደለ የጠየቀው ማነው? ታሞ ይሆን? በሬው ሞቶበት ይሆን? በቁሙ ደጁን ያልረገጥነውን ሰው ሬሳውን ብንሸከምለት ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ሁለት ወር መዋጮ ያቋረጠ አባል ሲኖር፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት ብዬ ለጉባኤው አሳስባለሁ።

ወገኖቼ፤ በቀብራችን ዕለት የሚያለቅስ አይታጣም። እውነተኛው ምስክርነት ግን ለቀስተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ስለኛ የሚያወራው ነው። ያ ወሬ መልካም እንዲሆን የምንሠራው ዛሬ በቁማችን ነውና አምላክ ይርዳን። አሜን።