ክብደቱን የሚሸከመው ማን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ደርግ በወደቀ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ከመኝታው ተነሥቶ ሸሸ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ሁኔታውን ለመቅረጽ ወደ ሥፍራው ከሄዱት ጋዜጠኞች መካከል ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ግራ ክንዱን ሲያጣ፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ።

የፈንጂ መጋዘንና የመኖሪያ ቤት ሊኖራቸው የሚገባው ርቀት የሚሰላበት ቀመር የታወቀ ነው። ይኸውም ርቀቱ የሚያድገው በፈንጂው ክብደት ሦስተኛ ሥር መጠን ነው፤ ክምችቱ ስምንት እጥፍ ከሆነ ርቀቱ ሁለት እጥፍ መሆን ይኖርበታል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥም። ነገር ግን ክምችቱ ሲበዛ ወይም ከተማው ወደ መጋዘኑ ሲጠጋ፣ ሒሳቡን እንደገና የሚሠራ ባለሙያና ውጤቱን የሚሰማ ባለሥልጣን ያስፈልጋል።

ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ከባድ ተሽከርካሪ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ጉልበቱ ነው። ክብደቱን ችለው የሚኖሩት ግን መንገዱ፣ ጋራዡና ሠፈሩ ናቸው። መሣሪያው እንዲመጣ የሚያዘው ፖለቲካ ነው፤ የሸክሙን ልክ ከትእዛዙ አስቀድሞ በቁጥር መናገር ደግሞ የመሐንዲስ ፈንታ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው በውሳኔው ያልነበረ ሰው ይሆናል።

በዚህ ረገድ የአገራችን ቀዳሚ ምስክር በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ የባለ እጅ ጥበብ ወደ አገራቸው እንዲገባ አጥብቀው ይሹ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመዘግየቱ ቆንስሉን እስከ ማሰር ደረሱ። በጋፋት የነበሩት የባዝል አካባቢ ሚስዮን ሰዎች የመጡት በእጅ ሥራቸው እየኖሩ ወንጌል ለማስተማር ሲሆን፣ ንጉሡ ግን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ይሁን እንጂ ሥራው በትእዛዝ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ለዚያ ዘመን አገር በቀል ምድጃ ይህ የሚያስደንቅ ውጤት ነበር።

ፈተናው የጀመረው ከምድጃው ከወጣ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ነበረበት። አሥር ሜትር ሲኬድ አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 7 ቶን ለመሳብ፣ የመንኰራኵሩ ሰበቃና የሠረገላው ክብደት ሳይቆጠር፣ 700 ኪሎ ያህል ጉተታ ያስፈልጋል፤ ለስላሳ አፈር ላይ ሲደርስ ሸክሙ ይበልጣል። ለዚህ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተቆረጠ መንገዱ ተሠራ። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ይህም ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚያው ጊዜ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር የተከተለው ሒሳብ የተለየ ነበር። በባሕሩ ዳር አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ቀላሉን የተራራ መድፍ ፈታትቶ በበቅሎ፣ ከባዱን ደግሞ በ44 ዝሆኖች ጫነ። በሌላ አነጋገር አንደኛው ወገን መንገዱን ለመድፉ ሲሠራ፣ ሌላው መድፉን ለመንገዱ መረጠ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት ሳይለውጥ በመቅደላ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሸክሙ ከመንገድ ወደ ጋራዥ ተዛወረ። የኢትዮጵያ ጦር ለብዙ ዓመታት የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋረጠ፤ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት መካከል የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ። በመድረክ የተነገረው የወዳጅ ለውጥ ነው። በጥገና ክፍል ግን የተለወጠው ቁልፉ ነበር፤ የአሜሪካው ብሎን የተቆረጠው በኢንች፣ የሶቪየቱ በሚሊ ሜትር ነውና። መለዋወጫው፣ የጥገና መጽሐፉና የመካኒኩ ሥልጠና ሁሉ አብረው መለወጥ ነበረባቸው። 23 ቶን ገደማ ይመዝን ከነበረው ኤም-41 ታንክ ወደ 36 ቶኑ ቲ-55 ሲታለፍ ደግሞ ጥያቄው ወደ ድልድዩና ወደ ማጓጓዣ ተጎታቹ ይሻገራል። አንድ የፖለቲካ ውሳኔ በአንድ ቀን ሊፈረም ይችላል፤ አንድ የታንክ መካኒክ ግን በአንድ ቀን አይሠለጥንም።

በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም፣ በሥሩ ከተሰበሰቡት የጦር ፋብሪካዎች አንዱ ጋፋት የሚለውን ስም የያዘ ነበር። ለኮርፖሬሽኑ ከተሰጡት ሥራዎች መካከል የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የሃይድሮ መካኒካል ሥራ ይገኝበታል። ሥራው በመዘግየቱ ውሉ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተነጠቀ፤ ለሌሎች ተቋራጮችም ተሰጠ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የግለሰቦች ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው፤ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ታንክ መጠገን የሚችል ድርጅት ተርባይን መትከል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአገር ፍቅር ሳይሆን በልምድ፣ በመሣሪያና በሥልጠና ልክ ነው። አልችልም ማለት እንደ ድክመት በሚቆጠርበት ቤት ይህን ልክ የሚናገር አይገኝም።

ይህ ነገር የጦር ሠፈር ብቻ አይደለም። ከጎተራ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን የከባድ መኪና ሰልፍ የተመለከተ ሰው ያንኑ ጥያቄ ያገኛል። በኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስሉ ጭነት አራተኛ ኃይል ገደማ ያድጋል። በአንድ አክስል ላይ 20 ከመቶ ትርፍ የጫነ መኪና መንገዱን በእጥፍ ይጎዳል ማለት ነው። ትርፉ ለጫኙ ይገባል፤ ጉድጓዱ ለሠፈሩ ይቀራል።

ስለሆነም ከባድ ነገር ሲታዘዝ፣ የታዘዘው ታንክም ይሁን የጭነት መኪና፣ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመለሱ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። በየትኛው መንገድና ድልድይ ያልፋል? በየትኛው ጋራዥ፣ በማን እጅ ይጠገናል? በየትኛው ሠፈር አጠገብስ ያድራል? ጠያቂው በአለቃው ዘንድ ላይወደድ ይችላል፤ የጋፋት ሰዎች እንዲህ የመጠየቅ ነጻነት አልነበራቸውም። ዛሬ ዲፕሎማና ማኅበር ያለው መሐንዲስ ግን ያንን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። በንፋስ ስልክ በዚያ ሌሊት ከእንቅልፉ የባነነው ቤተ ሰብ ርቀቱን የማስላት ግዴታ አልነበረበትም፤ ግዴታው የባለሙያው ነበር።