ስምሽ በማን እጅ ነው?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ፊልም የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የቲና ተርነርንና የባሏን የአይክ ተርነርን ኑሮ ያሳያል። ፊልም ነውና የተጨመረበት ነገር አለ፤ ዋናው ታሪክ ግን በእውነት የሆነ ነው።

አይክ ተሰጥኦ ነበረው። ፒያኖና ጊታር ይጫወታል፣ ባንድ ይመራል፣ ዘፈን ይደርሳል። ባንዱ በ1951 ያስቀረጸውን ሸክላ ብዙዎች የመጀመሪያው የሮክ ሙዚቃ ይሉታል። ቲናን ለመድረክ ያበቃትም እሱ ነው። ነገር ግን ጭብጨባው ወደ እሷ ባዘነበለ ቁጥር ቅናቱ ሲከር እናያለን። ይደበድባታል፤ ገንዘቡንም እሱ ይይዛል።

የትውልድ ስሟ አና ሜይ ቡሎክ ነበር። «ቲና ተርነር» ያላት አይክ ነው። ጥላው ብትሄድ ሌላ ዘፋኝ በዚያው ስም እንዲያወጣ ስሙን በራሱ አስመዘገበው። በ1976 ከሆቴል ወጥታ ስታመልጥ በእጇ 36 ሳንቲም ብቻ ነበራት። በ1978 ፍቺው ሲያልቅ ከንብረቱ ይልቅ አጥብቃ የያዘችው ስሙን ነው። በ1984 በዚያ ስም ያወጣችው አልበም በዓለም ሁሉ ተሸጠ።

እኛ ጋ «ካልቀና አይወድም» ይባላል። እኔ አልቀበለውም። የሚወድ ሰው ሚስቱ ስትከበር አብሮ ይከበራል እንጂ አያንስም።

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ቆማ የምትውል እህታችን ያጠራቀመችው ብር በማን ስም ተቀምጧል? የቤቱ ካርታ ላይ ስሟ አለ? «ባሌ ደግ ነው፣ ምን ያስፈልገኛል?» የምትል አትጠፋም። ደግ ባል የሁለታችሁም ስም ቢጻፍ አይከፋውም። ስም ማስጻፍ ክስ አይደለም።

ራሳችንንም እንይ። አንዷ ሲሳካላት «ከየት አመጣችው?» እያልን የምናማ ከሆነ የአይክ ቅናት እኛም ቤት አለ ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም የቁጠባ ደብተራችንን ይዘን እንምጣ። ማንበብ ለማትችለው እናንብብላት፤ ስሟ ከሌለ እንዴት እንደሚገባ አብረን እንጠይቅላት።