በሽታው አገረሸ ወይስ ሙቀቱ ነው?



ንግግሬን ከዋጃ ልጀምር። መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባት የታወቀ አንዲት ወጣት እናት እከታተል ነበር። «ዶክተርዬ፣ እንጀራ ስጋግር ዓይኔን ይጋርደኛል፤ ደጅ ወጥቼ ቀዝቀዝ ሲለኝ ይመለስልኛል» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እግሯ ዝሎ፣ ሰው ደግፏት መጣች። በቃ አገረሸባት ብዬ ስቴሮይድ ልጽፍ ስል የላቦራቶሪው ባልደረባችን «እስቲ መጀመሪያ ደሟ ይታይ» አለኝ። ወባ ሆኖ ተገኘ። ወባው ሲታከም እግሯም በረታ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? እውነተኛው ማገርሸት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሥራ ነው። ቲ ሴሎች ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር አልፈው ይገባሉ፤ የነርቭን ልባስ፣ ማይሊንን፣ እንደ ጠላት ቆጥረው ሌሎች ሴሎችን ይጠራሉ፤ ልባሱም ይላጣል። ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን በገዛ ማሽላው ላይ እንዳዞረ ቁጠሩት። ቢ ሴሎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። እንደ ሪቱክሲማብ ያሉት መድኃኒቶች ፀረ እንግዳ አካል አምራቾቹን ፕላዝማ ሴሎች ብዙም ሳይነኩ ማገርሸትን ሲቀንሱ፣ ቢ ሴሎች ቲ ሴሎችን እንደሚቀሰቅሱ ጎልቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ትልቅ ጥናት ከበሽታው ጋር በጥብቅ የተያያዘው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስም የሚደበቀው እዚያው ቢ ሴሎች ውስጥ ነው።

ሙቀት ግን አዲስ ቁስል አይፈጥርም። ልባሱ የተላጠ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለስለታል። የዓይን ሐኪሙ ኡትሆፍ ይህን ዓይነቱን የእይታ መደብዘዝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። የወባ ትኩሳትም እንደዚያው ያደርጋል።

ስለዚህ ስቴሮይድ ከመጻፋችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቷል? ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን አለ? ስቴሮይድ ኢንፌክሽኑን የሚዋጉትን ሴሎች ጭምር ያዳክማልና። ኢንፌክሽን እውነተኛ ማገርሸትንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ ወርዶ ድካሙ ካልለቀቀ ታካሚዋን እንደገና እንመርምር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለዚህ በሽታ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ጋር መድቦታል። ለታካሚዎቻችን እንዲደርስ መወትወት የኛ የተመራቂዎቹ ድርሻ ነው። ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፦ ተማሪዎቻችሁ ኤምአርአይ ከማዘዛቸው በፊት ቴርሞሜትር ማንሳት እንዳይረሱ አስተምሩልን። እኔ ረስቼው ነበር።